ሙሲዶራ መጨረሻዋ ትኬት ቆራጭነት ነበር?

የመድረክ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የቴአትር ተማሪ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ከነበሩ ተዋንያን አንድ አንድ ሰው ይዘን ለክፍል እንድናቀርብ ታዘዝን። ሌሎቹ ቻፕሊንን ምናምን ተሻሙ። ለእኔ የደረሰችኝ ሙሲዶራ የምትባል ፈረንሳዊት ናት። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ስሟን እንኳ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ፎቶዋን አየሁት። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጣቷ ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። ልብሱ ሰውነቷ ላይ ልክክ ብሏል፣ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው። ዓይኗን በኩል አጥቁራዋለች። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ያ ዓይን ከፊቴ አልጠፋ ብሏል።

ችግሬ ምን መሰላችሁ? የማገኘው ነገር ሁሉ ስለዚያ ልብስ ነው። «ቫምፓየሮቹ» የሚባል ፊልም፣ ኢርማ ቬፕ የምትባል ገጸ ባሕርይ፣ ጥቁር ልብስ፣ በቃ አለቀ። ሴትየዋ ራሷ ማን ነበረች? ከዚያ በፊትስ ምን ሠራች? ከዚያ በኋላስ? አንድ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ «መጨረሻ ላይ እኮ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ትቆርጥ ነበር፤ እንዴት እንደሚያሳዝን፣ ታሪኩን በዚያ ጨርሺው» አለኝ። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ በዚያ ልጨርሰው? ሐሙስ ነው የማቀርበው። ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ።

የጎፋው፦

እህቴ፣ እኔ ፊልሙን ጀምሬ ትቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ክፍል እስከ መጨረሻው አየሁት። አንድም ደም መጣጭ የለበትም! ጥርሱ የሾለ ሰው የለ፣ አንገት የሚነክስ የለ። የምትያት ጥቁር ለባሽም አልታየችኝም። የት ነው ያለችው? የሚያስረዳኝ ካለ እኔም መማር እፈልጋለሁ።

ትኬት ቆራጯ ከፓሪስ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ከሥራ ስመለስ ሜትሮ ውስጥ ነው። ሳነበው መውረጃዬ አለፈኝ።

ፓሪስ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ዓመታት የሰው ቤት ሳጸዳ ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ትኬት እቆርጣለሁ። ሙሲዶራን ያወቅኋትም እዚያው ነው። ሥራ ስጀምር የነበረው አለቃዬ ፎቶዋን መስኮቴ አጠገብ ለጥፎት ነበር። ማን ናት ብዬ ስጠይቀው «የሙያ ጓደኛሽ ናት» አለኝ። የዚያን ጊዜ አልገባኝም። ቆይቼ ነው የገባኝ።

ስለዚህ አዎ፣ ጓደኛሽ ያለው እውነት ነው። እዚህ ሲነማቴክ ፍራንሴዝ የሚባል የፊልም ማኅደር አለ። አሮጌ ፊልም ይሰበስባል፣ ያስቀምጣል፣ ለሕዝብ ያሳያል። ሙሲዶራ እዚያ ስትሠራ አንዳንዴ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ትኬት ትሸጥ ነበር። ትኬቱን የሚገዛት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደሆነች አያውቅም ነበር። ግን ይኼ የነገሩ ሩብም አይደለም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

የተወለደችው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1889 ፓሪስ ነው። የወላጆቿ ስጦታ ስም ዣን ሮክ ነው። አባቷ የሙዚቃ ደራሲና ሶሻሊስት ነበር። እናቷ ደግሞ ሠዓሊ፣ ለሴቶች መብት የምትሟገት ሴት። መጽሐፍና ክርክር በሞላበት ቤት ነው ያደገችው። «ሙሲዶራ» የሚለውን ስም ራሷ ናት ከቴዎፊል ጎቲዬ ልብ ወለድ ያወጣችው። «የጥበብ አማልክት ስጦታ» እንደማለት ነው። ስምሽን ራስሽ መርጠሽ መድረክ ላይ መውጣት በዚያ ዘመን ለሴት ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ፊልሟ ስለ ሌባ አይደለም። በ1914 የወጣ፣ ስሙን በአማርኛ «የመርፌ መከራ» ልንለው የምንችል ፊልም ነው። በመርፌ ስለሚያድሩ ልብስ ሰፊ ሴቶች ኑሮ የሚያሳይ። የሠራው «ሲኔማ ዱ ፐፕል» የሚባል ማኅበር ነው፣ «የሕዝብ ሲኒማ» ማለት ነው። ሠራተኞች የራሳቸውን ሕይወት በራሳቸው ፊልም ለማሳየት ያቋቋሙት። የሙሲዶራ መነሻ እዚያ ነው። ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ከዚያ ፎሊ ቤርዤር የሚባለው ትልቁ ትርኢት ቤት ስትሠራ ሉዊ ፈይያድ አያት። ፈይያድ ጎሞን የሚባለው የፊልም ኩባንያ ዋና ዳይሬክተር ነው። ወዲያው ወሰዳት። አንደኛው የዓለም ጦርነትም መጣ። «ቫምፓየሮቹ» የተሠራው በዚያ መሀል ነው። ወንዱ ግንባር ሄዷል፣ ጎዳናው ጭር ብሏል። ፊልሙን ስታዪ የፓሪስን መንገዶች ልብ በይ። ያ ባዶነት ሆን ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ከተማዋ ራሷ ናት።

የጎፋው ወንድሜ፣ አንተም አልተሳሳትክም። እዚያ ፊልም ላይ «ቫምፓየር» የሚባሉት ሌቦች ናቸው። የወንበዴ ቡድን ስም ነው። ጋዜጠኛው ፊሊፕ ጌራንድ ያሳድዳቸዋል። ፊልሙ 10 ክፍል አለው፣ ሲደመር ሰባት ሰዓት ይጠጋል። ከኖቬምበር 1915 እስከ ጁን 1916 ነው የወጣው። ተፎካካሪው ፓቴ የአሜሪካን ተከታታይ ፊልም ሊያመጣ ነው ሲባል ጎሞን ተቻኩሎ አወጣው። እና ኢርማ ቬፕን ከፈለግህ ሦስተኛው ክፍል ድረስ ታገሥ። እዚያ ነው የምትመጣው። ከምሽት ቤቱ ደጅ ስሟ የተጻፈበት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ፊደሎቹ ተነሥተው ቦታ ይለዋወጡና «ቫምፒር» የሚል ቃል ይሆናሉ።

እኔ ይህን ፊልም ቤርሲ ባለው የሲነማቴክ አዳራሽ ሁለት እሁድ ተመላልሼ ነው የጨረስኩት። አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ፒያኖ ይመታ ነበር። ሰው ሁሉ ጥቁሩን ልብስ ይጠብቃል። እኔን የያዘኝ ሌላ ቦታ ነው።

እዚያው ሦስተኛው ክፍል ላይ ኢርማ ቬፕ የቤት ሠራተኛ መስላ ጋዜጠኛው ቤት ትገባለች። ልትመርዘው ነው። ነጭ ሽርጥ አድርጋለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላለች፣ በቀስታ ትራመዳለች። እኔ ስምንት ዓመት እንደዚያ ተራምጃለሁ። የሠራተኛን ፊት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ስንት እንደሆነ አውቀዋለሁ። የወንበዴው ቡድን የተማመነው በዚያ ነው፣ «ማንም አያያትም» ብሎ። ፊሊፕ ግን ምሽት ቤቱ አይቷት ነበርና ያውቃታል። ሙሲዶራ ያንን ስትጫወት ትከሻዋን ብቻ ነው የለወጠችው። ትንሽ ወደ ፊት አጎነበሰችው። ቃል የለ፣ ድምፅ የለ። ትወና ለምትማሪ ልጅ ከጥቁሩ ልብስ ይልቅ ያ ትከሻ ነው የሚያስተምርሽ።

ልብሱንም አልናቅሁትም። ሐር ነው። ያን ለብሳ ጣሪያ ላይ ትሄዳለች፣ ባቡር ሥር ትገባለች፣ በገመድ ትወርዳለች። አደገኛውን ሥራ ራሷ ነበረች የምትሠራው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የፓሪስ ፖሊስ ሌቦችን አስወደደ ብሎ ፊልሙን ለጊዜው እስከማገድ ደርሶ ነበር። ወጣቶቹ ገጣሚዎች፣ አራጎንና ብረቶን፣ እሷን እያዩ ነው ያደጉት። በ1928 ለእሷ ብለው ቴአትር ጽፈውላታል።

ከዚያ «ዡዴክስ» መጣ፣ 1917። እዚያም ክፉዋ እሷ ናት፣ ዲያና ሞንቲ።

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይቆማል። የእኔ ንዴትም እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ሙሲዶራ ካሜራው ጀርባ ሄደች። ዳይሬክተር ሆነች፣ በስሟ የፊልም ኩባንያ አቋቋመች። ደራሲዋ ኮሌት የቅርብ ጓደኛዋ ነበረች። የኮሌትን ልብ ወለድ «ላ ቫጋቦንድ»ን ሮም ሄዳ ተጫወተች። ከዚያ ኮሌት በቀጥታ ለፊልም የሚሆን ታሪክ ጻፈችላት፣ «የተሸሸገው ነበልባል»፣ 1918። በ1919 «ቪሴንታ»ን ሠራች። በ1921 ደግሞ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ስፔን ውስጥ ስለ ዙፋን የተደረገውን የርስ በርስ ጦርነት የሚያወራውን «ለዶን ካርሎስ»ን ከዣክ ላሴን ጋር አብራ ሠራች።

ስፔን ስትሄድ ደግሞ ልቧ እዚያው ቀረ። አንቶኒዮ ካኜሮ የሚባል የኮርዶባ ሰው ነው፣ ፈረስ ላይ ሆኖ ከኮርማ ጋር የሚታገል። እሱን ይዛ በ1922 «ፀሐይና ጥላ»ን ሠራች። እዚያ ፊልም ላይ ሁለት ሴት ሆና ነው የምትጫወተው። አንዷ ጥቁር ፀጉር ያላት ስፔናዊት፣ ሌላዋ ከውጭ የመጣች ፀጉረ ወርቅ። ሁለቱም አንድ ወንድ ይወዳሉ። ልጄ፣ ይህን ፈልገሽ እዪው። ያቺ የሰባት ሰዓት ሌባ ድራሿ ጠፍቷል። በ1924 ደግሞ «የኮርማዎች ምድር»ን ሠራች። እዚያ ራሷን ሆና ትታያለች፣ ፊልም ልትሠራ አንዳሉሲያ የመጣች ዳይሬክተር።

ለመጨረሻ ጊዜ በተዋናይነት የታየችው 1926 ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ። በ1927 ሐኪም አገባች፣ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ከፓሪስ ወጥታ ገጠር ገባች። ልብ ወለድም ጻፈች። በ1944 ከባሏ ተፋታች።

አሁን ወደ መስኮቱ እንምጣ።

ሲነማቴክን በ1936 ከመሠረቱት አንዱ ሄንሪ ላንግሏ ነው። ያን ጊዜ አሮጌ ፊልም ማለት ቆሻሻ ማለት ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ድምፅ አልባውን የሚፈልገው ጠፋ። ፊልሙ የሚታተምበት ናይትሬት በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ማስቀመጡም ጣጣ ነው። ስለዚህ ውስጡ ያለውን ብር ለማውጣት እያቀለጡ ይሸጡት ነበር። ስንት ሰው የለፋበት ሥራ እንዲህ ሆኖ ቀረ። የሙሲዶራም «ቪሴንታ» ሙሉው የለም። «የተሸሸገው ነበልባል»ም የለም።

ላንግሏ ፊልሙን ከጥፋት ሲያተርፍ ሙሲዶራ ደግሞ ትዝታውን ታተርፍ ነበር። የሲነማቴክ የታሪክ ምርምር ኮሚሽን ውስጥ ነው የሠራችው። በዚያ ዘመን የነበሩት ካሜራ ያዦች፣ ተዋንያን፣ ዳይሬክተሮች ገና በሕይወት አሉ። ግን አርጅተዋል፣ ተረስተዋል። የእነሱን ቃል ትሰበስባለች። ማን ምን እንደሠራ፣ የት እንደተቀረጸ፣ እንዴት እንደተሠራ። አንድ አዛውንት ካሜራ ያዥ ከእሷ ጋር ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው አስቢው። የዘመኑን ሰው ነው ያገኘው። ከማንም በላይ ለእሷ ነው የሚነግራት።

እና በዚያው ቤት፣ ሰው ሲያስፈልግ፣ ትኬት ትቆርጣለች። በ1948 የተከፈተው የሜሲን መንገድ አዳራሽ ስድሳ ሰው ቢይዝ ነው። በኋላ ታላላቅ ዳይሬክተሮች የሆኑት እነ ትሩፎ፣ እነ ጎዳር፣ እነ ሪቬት ገና ስማቸው ሳይሰማ የሚመላለሱት እዚያ ነበር። ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፣ በቀን ሁለት ሦስት ፊልም ያያሉ። የፈይያድን ፊልም የወደዱት ላንግሏ ስላሳያቸው ነው።

ይህ ያሳዝናል ወይ? እኔ ከመስኮቱ በዚህ በኩል ሆኜ ነው የምነግርሽ። ማታ ብቻዋን የምትመጣውን አሮጊት አውቃታለሁ፣ ሁልጊዜ አራተኛው ረድፍ ዳር ነው የምትቀመጠው። ከትምህርት ቤት ፎርፎ የሚመጣውን ልጅ አውቀዋለሁ። ሲገቡም አያቸዋለሁ፣ ሲወጡም አያቸዋለሁ። ፊቱ ተለውጦ የሚወጣ ሰው አለ። ሙሲዶራ በራሷ ዘመን ፊልም ፊቱ ተለውጦ የሚወጣ የሃያ ዓመት ልጅ አይታለች። እኔ ይህን እንደ ውድቀት ማየት አልችልም።

በ1950 ከአሮጌ ፊልሞቿ የተገጣጠመ ሥራ ሠርታለች፣ «አስማተኛው ምስል» ይባላል። ዲሴምበር 1957 ፓሪስ ውስጥ አረፈች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነበር።

አስረዘምኩት፣ ግን አንዱንም መተው አልቻልኩም።

ባለ መቀሱ፦

እትዬ፣ ይህን ለማንበብ ሥራዬን አቋርጬ ነው። ፊልም አቀናባሪ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ለመድረክ ልጅ። የስሙን ጨዋታ በላቲን ፊደል ብቻ እንዳታሳዪያቸው። በእኛም ፊደል ሞክሪው። «ቫምፒር» ውስጥ ቨ፣ መ፣ ፐ፣ ረ አሉ። «ኢርማ ቬፕ» ውስጥ ረ፣ መ፣ ቨ፣ ፐ አሉ። ከፊት «ኢ» ትጨመራለች እንጂ አራቱም ቤቶች ሳይጎድሉ ይገኛሉ፣ ቅደም ተከተላቸውና የድምፅ ምልክታቸው ነው የተቀየረው። ሰሌዳ ላይ ጻፊው፣ ክፍሉ ወዲያው ይገባዋል። እኔ በወረቀት ስሞክረው በጣም ገረመኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈይያድ አሠራር። ካሜራው ቆሞ ነው የሚቀረው። ብዙ አይቆርጥም። ሰዎቹ ናቸው ከኋላ ወደ ፊት የሚመጡት፣ በር የሚከፍቱት፣ ከመጋረጃ የሚወጡት። ለእኔ ዓይነቱ በመቀስ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ተዋናይዋን የሚያድናት ቁርጥ የለም። ስትሳሳት በቅርብ ምስል አይሸፈንላትም። እትዬ ያሉት ትከሻ የታየው ለዚህ ነው፣ ሙሉ ሰውነቷን ነው የምናየው።

በኋላ ስለመጣው ደግሞ፣ ዦርዥ ፍራንዡ በ1963 «ዡዴክስ»ን እንደገና ሠርቶታል። ኦሊቪዬ አሳያስ በ1996 «ኢርማ ቬፕ» የሚል ፊልም ሠርቷል፣ ማጊ ቼንግ የምትጫወትበት። በ1974 ፓሪስ ውስጥ የሴቶች ፊልም ፌስቲቫል ያዘጋጁ ሴቶች ማኅበራቸውን «ሙሲዶራ» ብለው ነው የሰየሙት። እንግዲህ እነሱ የመረጡት ዳይሬክተሯን ይመስለኛል።

የፊልም ጨዋታ ከተነሣ አይቀር፣ አዲስ አበባ ፊልም ሲገባ ሰው ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። የፓሪስ ፖሊስም በ«ቫምፓየሮቹ» የደነገጠው ድንጋጤ ከዚያ ብዙ የሚርቅ አልመሰለኝም።

የጎፋው፦

ዛሬ ማታ ከሦስተኛው ክፍል እጀምራለሁ። እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ኢርማ ቬፕ መጨረሻ ላይ ትያዛለች?

ትኬት ቆራጯ ከፓሪስ፦

አልነግርህም ወንድሜ። እኔ እዚህ መጨረሻ እየጠየቀኝ ትኬት ሊገዛ የሚመጣ ሰው ብዙ አለብኝ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አራተኛው ክፍል ላይ ግን ሞሬኖ የሚባል ሌላ ሌባ ይመጣል፤ ስድስተኛው ላይ በዓይኑ ሰው ያፈዛል። እዚያ ስትደርስ ወንበርህን አጥብቀህ ያዝ።

የመድረክ ልጅ፦

እትዬ፣ ምን እንደምል አላውቅም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለተኛውን ለእናቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት። እናቴ «ሴትየዋ ሽርጥ ለብሰው የሠሩትን ጊዜ ሲያስታውሱ አንጀቴን በሉት» አለች። እሷም ቤይሩት ሠርታ ነው ያሳደገችኝ።

ጋሼ ባለ መቀሱ፣ ፊደሉን ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

አሁን እንዲህ አሰብኩ። ንግግሬን በትኬት መስኮቱ ልጀምር። «አንዲት አሮጊት ትኬት ትቆርጣለች፣ ማንም አያውቃትም» ብዬ። ከዚያ ወደ ኋላ ልመለስ። ጥሩ ይመስልዎታል? ደግሞ ሁለት ቁራጭ ፊልም ብቻ ነው ማሳየት የምችለው። የትኞቹን?

ትኬት ቆራጯ ከፓሪስ፦

እናትሽን ሳሚልኝ። እኔና እሷ ብንገናኝ ብዙ የምናወራው አለን።

በመስኮቱ አትጀምሪ ልጄ። «ማንም አያውቃትም» ካልሽ ክፍሉ ማዘን ይጀምራል። አንዴ ማዘን ከጀመረ ደግሞ ዳይሬክተሯን አያያትም። በመርፌ ሴቶቹ ጀምሪ፣ በ1914ቱ ፊልም። ከየት እንደመጣች ይወቁ። መስኮቱን ሥራዋ መሀል አስገቢው፣ ከአዛውንቶቹ ቃል ጋር አብሮ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሪያቸውና እለፊ።

ቁራጭ ፊልሙን በተመለከተ አንዱ የሦስተኛው ክፍል የሠራተኛዋ ቦታ ይሁን። ድምፁን ዝጊው፣ ያለ ሙዚቃ ይዩት፣ ትከሻዋን እንዲያዩ። ሁለተኛው ከ«ፀሐይና ጥላ»፣ ሁለቱም ሴቶች በሚታዩበት በኩል። መጀመሪያ አንድ ተዋናይት መሆኗን አትንገሪያቸው፤ ራሳቸው ይድረሱበት።

ጥቁሩን ፎቶ ደግሞ ከኋላሽ ሰሌዳው ላይ ለጥፊው። እኔም መስኮቴ ላይ እንደዚያ ነው ያለችው።